ትርፍ ናት ያልኳት ሽቦ

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትቆጡኝ ይሻለኛል፤ እኔም ራሴን መቆጣት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከጊደር መጋላ ወደ ታች በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ አንዲት የጥገና ሱቅ ነበረችኝ። ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ የሠርግ አምፕሊፋየር፣ ብቻ ኮረንቲ የሚበላ ነገር ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ሰዉ «ዶክተር ደምሴ» ይለኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ አቤት እላለሁ። ትምህርቴ ግን አጎቴ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ያየሁት ብቻ ነው። አጎቴ ያደረገውን አደርጋለሁ፣ ያላደረገውን አላምንም። በዚያ ላይ ቁጡ ነኝ። ደንበኛ «እንዲህ ብታደርገውስ?» ካለኝ እቃውን እጁ ላይ አስቀምጬ «እንግዲያው አንተው ሥራው» እላለሁ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ወርቁ ኤሌክትሪክ ጊታራቸውን ይዘው መጡ። ጋሽ ወርቁ ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ሰባተኛ ክፍል እኔንም አስተምረውኛል። በጉልምስናቸው ጊታር እየመቱ ይዘፍኑ ነበር፤ ከተማው ውስጥ እሳቸው ያልተጫወቱበት ሠርግ አልነበረም። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን ጊታር ሲነኩ ያየ የለም። አንድ ሠርግ ላይ እየተጫወቱ ከንፈራቸው ማይክሮፎኑን ሲነካ ኮረንቲ ያዛቸው። ጣቶቻቸው ክሩ ላይ ተቆልፈው ቀሩ፤ አንድ አስተናጋጅ ሮጦ ሶኬቱን ባይነቅል ኖሮ ዛሬ የሉም። ከዚያ ወዲህ ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ።

ልጃቸው ማህሌት እሁድ እንደምታገባ ነገሩኝ። አንድ ልጃቸው ናት፣ እናቷ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ልጅ ሳለች ሲያስተኟት የሚጫወቱላት ዜማ ነበር። ለሠርጓ ምን ላድርግልሽ ቢሏት እሱን ብቻ ጠየቀቻቸው።

«እምቢ ልላት አልቻልኩም» አሉኝ። «ግን እፈራለሁ ደምሴ። መሞቱን አይደለም። በሠርጓ ቀን ፊቷ ላይ እንዳልወድቅ ነው።»

እኔም ሳላስብ «ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው።

ጊታሩን በሱቄ ትንሽ አምፕሊፋየር ላይ ስሰካው የንብ ቀፎ የተከፈተ መሰለ። እምምም ይላል፣ ክሩን ብነካውም አይተውም። ከፍቼ ሳየው ምክንያቱ ወዲያው ታየኝ። ኤሌክትሪክ ጊታር ሆዱ ውስጥ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለችው። ከክሮቹ ሥር ካለው ብረት ተነስታ የድምጽ መቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ ትበየዳለች፤ ሌሎቹ ግራውንድ የምንላቸው የመሬት ሽቦዎችም እዚያው ይሰበሰቡና በአንድ ላይ ወደ አምፕሊፋየሩ ብረት ይሄዳሉ። እሷ ካለች ተጫዋቹ ክሩን ሲነካ ጫጫታው ይሞታል። የጋሽ ወርቁ ጊታር ውስጥ ግን ተቆርጣ በፕላስተር ተጠቅልላለች። የቆረጧት ራሳቸው ናቸው። ኮረንቲ ከያዛቸው በኋላ አንድ ሰው በክሩ በኩል ነው የመጣብዎ ብሏቸው በቢላዋ ቆረጡ።

ቀላል ነው፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው ብዬ ሸኘኋቸው። ኧረ ምኑ ቀላል። ቀን ቀን ኮረንቲው ስለሚደክም የብየዳ ካውያዬ በቅጡ አይግልም። ሊድ የምንለውን የብየዳ እርሳስ በካውያው ጫፍ አቅልጬ መቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ ስጥለው ተድቦልቡሎ ይቀመጣል፣ ሽቦዋን ትንሽ ሳብ ሳደርጋት እንክብሉ እንዳለ ወልቆ ይወድቃል። ደገምኩት፣ ወደቀ። ሊድ ጨመርኩበት፣ ኩርንችት አክሎ ተቀመጠና ወደቀ። ተናድጄ ካውያውን እዚያው ላይ ተጭኜ ብዙ ያዝኩት፤ መቆጣጠሪያው ውስጡ ነዶ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከአሮጌ ቴፕ የነቀልኩትን ቀየርኩለት፤ እሱም ላይ አልያዝ አለኝ። ወንበሩን በእግሬ መታሁት፣ እግሬ ታመመ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ አው ዩስፍ ራዲዮናቸውን ሊወስዱ ገቡ። አው ዩስፍ ከሱቄ ሦስት በር ከፍ ብሎ ያሉ ብር አንጥረኛ ናቸው፤ የአደሬ ሙሽሮች የሚያጌጡበትን ብር እየበየዱ ያረጁ ሽማግሌ። ጥግ ላይ ቆመው ሁለት ጊዜ ሲወድቅብኝ ዝም ብለው አዩ። ሦስተኛው ላይ ግን አላስቻላቸውም።

«ዋሪያ፣ አንተ የምታሞቀው ሊዱን ነው» አሉኝ። «ብረቱ ሳይሞቅ ሊዱ ምን ብሎ ይገባበታል? ደግሞም ቆሻሻ ነው። ወላሂ፣ ብር እንኳ ሳይጸዳ ብየዳ አይቀበልም።»

አናደዱኝ። የብር አምባርና ኤሌክትሮኒክስ አንድ አይደለም፣ እርስዎ አምባርዎን ይሥሩ አልኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። እሳቸው ግን አልተቀየሙም። ተናግሬ ልሂድ ብለው፣ ብረቱን እስኪያበራ መፋቅ እንዳለብኝ፣ ሽቦዋንም ብረቱንም ለየብቻ ቀድሜ ሊድ እንዳስለብሳቸው፣ ከዚያ ካውያውን ብረቱ ላይ አሳርፌ ሊዱን ከካውያው ሳይሆን ከጋለው ብረት እንዳስነካው፣ ሲረጋ ደግሞ እጄን ሳላንቀሳቅስ ትንፋሼን ይዤ እንድጠብቅ ነገሩኝ። ከዚያ ራዲዮናቸውን አንስተው «አላህ ያቅልልህ» ብለውኝ ወጡ።

ወጥተው እስኪርቁ ጠብቄ እንዳሉት አደረግኩ። በአሸዋ ወረቀት ፋቅኩት። ከጎረቤት የሚበልጥ ካውያ ተዋስኩ። ሊዱ ብረቱን እንደነካ ራሱ ፈስሶ ሽቦዋን ዋጣት፣ ሲረጋም ለስላሳና የሚያበራ ሆነ። ብስባት ጊታሩ አብሮ ይነሳል እንጂ አትላቀቅም። ደስታ አይደለም የተሰማኝ፣ ንዴት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስበይድ ኖሬ እንዴት ይህን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ? እውነቱን ለመናገር ነጋሪ አላጣሁም። ነጋሪውን ከሱቄ እያባረርኩ ነው የኖርኩት።

አርብን ሙሉ ሌሎቹን ብየዳዎች ፈታሁና እንደ አዲስ ሠራኋቸው። ረዣዥሞቹን ሽቦዎች አሳጠርኩ፣ የግራውንዶቹን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ሰበሰብኳቸው። ማታ ሊሆን ሲል ስሰካው ዝም አለ። ወዲያው ደወልኩላቸውና ነገ አምፕሊፋየርዎን ይዘው ይምጡ፣ በእሱ ላይ እንሞክረዋለን አልኳቸው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አምፕሊፋየሩን በባጃጅ አስጭነው መጡ። በራሳቸው እቃ ላይ ሰክቼ መታሁት፤ ንጹሕ ነው። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ጥራቱን በደንብ ላሰማቸው ብዬ በግራ እጄ ክሩን እንደያዝኩ መንገድ ላይ ያለው ጫጫታ እንዳይረብሸን የሱቁን ብረት በር በቀኝ እጄ ልዘጋ ነካሁት።

ነዘረኝ። ነዘረኝ ስላችሁ ቆንጠጥ አድርጎ የሚለቀውን ዓይነት አይደለም፤ ከክንድ እስከ ክንድ አልፎ ደረቴን መታኝና ከመደርደሪያው ጋር አጋጨኝ። ከእጄ ያመለጠውን ጊታር በእንጨቱ በኩል የያዙት ጋሽ ወርቁ ናቸው። ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«አየኸው?» አሉኝ። «አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሽማግሌው ፈርቷል ሲለኝ ነው የከረመው።»

ሁሉንም እዚያው ትተውልኝ ተነሱ። ለማህሌት አልችልም እላታለሁ አሉ። እስከ ነገ ይጠብቁኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ እሺም እምቢም ሳይሉ ወጡ።

ያን ጊዜ የተናደድኩትን ንዴት ተናድጄ አላውቅም። አምፕሊፋየሩን የሠራውን ፋብሪካ ተሳደብኩ፣ የኮረንቲ ሰዎችን ተሳደብኩ፣ ከእኔ በፊት እቃውን የነካካውን ባለሙያ ማንነቱን ሳላውቅ ረገምኩት። ቴስተሬን አውጥቼ በክሩና በበሩ መሃል ስለካ መቶ አርባ ቮልት አሳየኝ። ያቺ በስንት መከራ የበየድኳት ሽቦ ክሮቹን ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር አገናኝታቸዋለች፣ ብረቱ ደግሞ ኮረንቲ ለብሷል። ሥራዬ እየጠራ ሲሄድ ሰውዬውን ለሞት አመቻቸሁት ማለት ነው።

አምፕሊፋየሩን ስከፍተው ከኮረንቲው መግቢያ ወደ ብረቱ የተዘረጋች ካፓሲተር የምንላት አንዲት አሮጌ ጫጫታ ማጣሪያ ኮረንቲ ማፍሰስ ጀምራለች። እሷን ነቅዬ ጣልኳት። ግን አልገባኝም። ብታፈስስስ? ብረቱ ላይ የመጣውን ኮረንቲ ይዛ ወደ መሬት የምትወስድ ሽቦ አለች፣ አረንጓዴና ቢጫ የሆነችው። እሷ ባለችበት ሰው ሊነዝር አይገባም ነበር። ገመዱን እየተከተልኩ ሶኬቱ ጋ ደረስኩ። ሁለት እግር ነው። ፈታሁት። አረንጓዴዋ ሽቦ አንገቷ ላይ ተቆርጣ፣ ወደ ኋላ ታጥፋ፣ በነጭ የልብስ ክር ሦስት ዙር ታስራለች።

እንደዚያ የሚያስረው በሐረር አጎቴ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩን ላስረዳችሁ። በጅቡቲና በጅግጅጋ በኩል የሚመጣው እቃ ሶኬቱ ባለሦስት እግር ነው፣ የቤቶቻችን ግድግዳ ደግሞ ባለሁለት ቀዳዳ። ሰው እቃ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ አልገባለት ይላል፣ እኔ ጋ ያመጣዋል። እኔም ሦስቱን እግር ቆርጬ ሁለት እግር እገጥምለታለሁ፣ አረንጓዴዋ መግቢያ ስለሌላት እቆርጣታለሁ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት። «ይቺስ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። «ትርፍ ናት» እላለሁ። አጎቴም እንደዚያ ነበር የሚለው። ጋሽ ወርቁ ይህን አምፕሊፋየር አዲሱን ይዘውልኝ ሲመጡ፣ ኮረንቲ ከመያዛቸው አንድ ዓመት በፊት፣ ጠይቀውኝ ነበር። የሰጠኋቸው መልስም ይኸው ነበር። ቆሜ እንደተናገርኩት ጭምር ትዝ አለኝ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ያቺን በክር የታሰረች ጫፍ ቆርጬ ጉድፍ ማጠራቀሚያው ውስጥ መጣል ነው። ማንም አላየኝም። አዲስ ባለሦስት ሽቦ ገመድ አስገባሁ፣ አረንጓዴዋን ብረቱን በደንብ ፍቄ አው ዩስፍ እንዳሉት በየድኳት፣ በብሎንም አጠበቅኳት። ነገ መሬት የሚቀበር ብረት ይዤ እሄዳለሁ፣ እሳቸው ይጫወታሉ፣ እኔም እመሰገናለሁ ብዬ አሰብኩ። ሰይጣን ሲመክር እንደዚህ ለስላሳ አድርጎ ነው።

እሁድ ማለዳ ግቢያቸው ደረስኩ። ዳሱ ተጥሏል፣ ወንበር እየተደረደረ ነው። ጋሽ ወርቁ ሱፋቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል፤ ለማህሌት ገና ምንም እንዳልነገሯት በዝግታ ነገሩኝ። ለግማሽ ሰዓት ይታገሱኝ ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። የሰው ቁመት የሚያህል የብረት ቱቦ ይዣለሁ፤ እሱን መሬት ውስጥ ቀብሬ አረንጓዴዋን ሽቦ ከእሱ ጋር ማሰር ነው ሐሳቤ። የሐረር መሬት ግን መች ሰው ይሰማል? ክንድ ያህል ሳይገባ ድንጋይ። ቦታ ቀየርኩ፣ ድንጋይ። ሦስተኛው ላይ ገባልኝ፣ ነገር ግን አፈሩ ደረቅ ዱቄት ነው፤ ደረቅ መሬት ደግሞ ኮረንቲ አይቀበልም። ውሃ መጠጣት አለበት።

ወጥ ቤት ገብቼ አንድ ጀሪካን ውሃ ስጡኝ አልኩ። የወጥ ሠሪዎቹ አለቃ እትዬ አስካለ ጭልፋቸውን እንደያዙ ዞሩብኝ። ውሃ ከመጣ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል፤ ለሦስት መቶ እንግዳ በቦቴ የተገዛ ውሃ ነው፤ እኔ ደግሞ መሬት ላጠጣው እላለሁ። ጤነኛ መሆኔን ጠየቁኝ። እኔም በቁጣ መለስኩ፣ እሳቸውም በቁጣ መለሱ፣ በዚህ መሃል ጋሽ ወርቁ ጫጫታውን ሰምተው መጡ።

«የተበላሸው ጊታሩ ነው» አሉኝ። «መሬቱን ለምን ትቆፍራለህ?»

አንድ ነገር ብዬ ላልፍ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያን ዓይን አውቀዋለሁ። ሰባተኛ ክፍል የሌላ ልጅ የቤት ሥራ ገልብጬ ስቀርብ ያዩኝ የነበረው በዚያ ዓይን ነው።

«ጋሽ ወርቁ፣ ያን ጊዜ ኮረንቲ እንዲይዝዎት ያደረግኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ አሉ። ነገርኳቸው፤ ስለ ሦስቱ እግር፣ ስለ አረንጓዴዋ ሽቦ፣ ትናንት ማስረጃውን ስለ መጣሌም ጭምር። እትዬ አስካለ ጭልፋቸውን ዝቅ አድርገው ይሰማሉ።

«እንደሚገድል እያወቅህ ነው የቆረጥካት?» አሉኝ።

«አላውቅም ነበር።»

«ጥሩ። አለማወቅህንስ ታውቅ ነበር?»

አውቅ ነበር። ያቺ ሽቦ ለምን እንደምትመጣ አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም፣ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ትርፍ ናት ያልኩት አላውቅም ማለት ስላሳፈረኝ ነው።

መሃል የገቡት እትዬ አስካለ ናቸው። እቃ ያጠብንበትን ውሃ ውሰድ፣ ለመሬት ምን አነሰው አሉ። ሁለት ባልዲ እጣቢ ቱቦው ሥር አፈሰስኩ፣ ደግሜ አፈሰስኩ። ባለሦስት ቀዳዳ ማከፋፈያዬን አምጥቼ አምፕሊፋየሩም የማይክሮፎኑ እቃም ኮረንቲ ከአንድ ቦታ እንዲበሉ አደረግኩ፣ የማከፋፈያውን አረንጓዴ ሽቦ ከቱቦው ጋር አሰርኩ። በክሩና በማይክሮፎኑ መሃል ስለካ ቴስተሩ ዜሮ አለ። ለጋሽ ወርቁ አሳየኋቸው። እሳቸው ቴስተሩን አላዩትም።

«አንተ ቅደም» አሉኝ።

ሰዓቱ ሲደርስ ሙሽሮቹ ገብተው ተቀመጡ፣ ዳሱም በሰው ሞላ። ማህሌት አባቷን እያየች ነው። ጊታሩን አንገቴ ላይ አጠለቅኩት። መጫወት አልችልም፤ ሰዉ ይህ ደግሞ ምን ሊያደርግ ነው ብሎ ያየኛል። ዜሮ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግን ትናንት ደረቴን የመታኝ ገና አልለቀቀኝም። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። በግራ እጄ ክሮቹን ሁሉ ጨበጥኩ፣ ከንፈሬን ማይክሮፎኑ ላይ አደረግኩና እስከ አሥር ቆጠርኩ። ምንም የለም። ጋሽ ወርቁ እስከ ሃያ ቁጠር አሉኝ። ቆጠርኩ።

ጊታሩን ተቀበሉኝ። መጀመሪያ ጣቶቻቸው ደርቀው ሁለት ጊዜ ሳቱ። ሲዘፍኑም ከማይክሮፎኑ አንድ ክንድ ርቀው ነበር፤ ድምጻቸው ለሩቁ ሰው አይሰማም። እኔ ማከፋፈያው አጠገብ ተንበርክኬ ሶኬቱን ጨብጫለሁ፣ ፊታቸው ትንሽ ቢለወጥ ልነቅል። የዘፈኑ ሁለተኛ ቤት ላይ ቀስ እያሉ ቀረቡ። ከንፈራቸው ማይክሮፎኑን ነካ። አልወደቁም። ማህሌት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፣ እሳቸው ግን እያዩዋት እስከ መጨረሻው ዘፈኑ። እኔም አለቀስኩ፣ ሶኬቱን ሳልለቅ።

ምሳ ላይ በሰው አስጠሩኝ። ያመሰግኑኛል ብዬ አልሄድኩም፤ ይሰድቡኛል ብዬ ነው የሄድኩት። አላመሰገኑኝም፣ አልሰደቡኝምም። ሰሐን ሰጡኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ደምሴ፣ ስንት ቆርጠሃል?» አሉኝ።

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ሰሐኑ ላይ አኖርኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ነው፣ በሳምንት ሁለት ሦስት እቃ ነው። የማን እንደነበሩ የጻፍኩበት ነገር የለኝም። አላውቅም አልኳቸው።

ከማግስቱ ጀምሮ ሱቄን ከሰዓት በኋላ እየዘጋሁ ቤት ለቤት ዞርኩ። ትዝ ያለኝን ደንበኛ ሁሉ በሩን አንኳኳሁ፤ ያበላሸሁብዎ ነገር አለ፣ በነጻ ላስተካክል እላለሁ። ያመነኝ ጥቂት ነው። አንዱ ይኸው ስድስት ዓመት ሠርቶልኛል፣ ምን ልታወጣበት ነው ብሎ መለሰኝ። አንዲት እናት ፍሪጃቸው እንደሚነዝር ያውቃሉ፤ ለዚህም ብለው ነጠላ ጫማ ከአጠገቡ አስቀምጠዋል፣ እንግዳ ሲመጣ «በባዶ እግር እንዳትከፍተው» ይላሉ። እየሳቁ ነው የነገሩኝ። እኔ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ያዝኩ። አንዳንዱ እቃ ተሸጦ ገጠር ሶፊና ድሬ ጠያራ ድረስ ገብቷል፤ እዚያም ሄጃለሁ፣ ግማሹን አላገኘሁትም። አው ዩስፍንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እሳቸው የተናገርኳቸውን ጨርሶ ረስተውታል፤ አሁን ያልገባኝን የምጠይቀው እሳቸውን ነው።

እናንተ የምታነቡት፣ ቤታችሁ ውስጥ «ትንሽ ይነዝራል፣ ግን ለምደነዋል» የምትሉት እቃ ካለ እባካችሁ ንቀሉት። ኮረንቲ አይለመድም። አስተካካዩም እንደ እኔ ያለው ከሆነ፣ የሚቆርጠው ነገር ምን እንደሚሠራ ጠይቁት፤ ቢቆጣችሁም ደግማችሁ ጠይቁት።

ጋሽ ወርቁን አሁንም መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ። ጊታራቸውን ወደ መምታት ተመልሰዋል፣ የልጅ ልጅም አይተዋል። ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ቀረህ?» ይሉኛል። እኔም እስከ ዛሬ ቁጥሩን አላውቀውም።